ቀጣሪ የሚጠይቀውና የማይጠይቀው

(ላምበረት አካባቢ ለሚማሩ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የመጣሁት ስለ ሥራ ፍለጋ ላወራችሁ ነው። «ታዲያ ይሄ ከኤች አይ ቪ ጋር ምን አገናኘው?» ትሉኝ ይሆናል። በደንብ ይገናኛል። ዩኒቨርሲቲ ሶሲዮሎጂ ስንማር፣ ሰው ለችግር ሲጋለጥ የሰውየውን ጠባይ ብቻ ሳይሆን ያለበትንም ሁኔታ ተመልከቱ እንባል ነበር። ሥራ ፈላጊ ወጣት ኪሱ ባዶ ነው፣ ቸኩሏል፣ «እምቢ» ማለት ይፈራል። ለአደጋም ለመድልዎም የሚያጋልጠው ይኸው ፍርሃት ነው።

ላምበረትን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ከደብረ ብርሃንና ከደሴ መስመር የሚመጣው አውቶቡስ መናኸሪያ ሲገባ ሻንጣውን አንጠልጥሎ ከሚወርደው ውስጥ የእናንተ እኩያ ብዙ ነው፤ ሥራ ፍለጋ የመጣ። እናንተም ነገ 12ኛ ክፍልን ስትጨርሱ፣ አንዳንዶቻችሁም በዚሁ ክረምት፣ ማስታወቂያ ማንበባችሁና ማመልከቻ መጻፋችሁ አይቀርም። ስለዚህ በሥራዬ ካገኘኋቸው ወጣቶች የሰማሁትን ላካፍላችሁ። የሰውም የድርጅትም ስም አልጠራም።

አንዱ ልጅ ካፌ ውስጥ በአስተናጋጅነት ለመቀጠር አመለከተ። ቃለ መጠይቁን አለፈ። ከዚያ «የኤች አይ ቪ ምርመራ ውጤትህን ይዘህ ና» ተባለ። «ወረቀቱን ለማን እንደሚያሳዩት ምን አውቃለሁ?» ብሎ ሳይመለስ ቀረ።

እዚህ ላይ ሕጉን እንወቅ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ በኤች አይ ቪ ምክንያት በሠራተኞች መካከል ልዩነት እንዳያደርግ ይከለክላል። ሠራተኛ በቂ ምክንያት ሲኖር የጤና ምርመራ እንዲያደርግ ቢጠየቅ እሺ ማለት አለበት፤ የኤች አይ ቪ ምርመራ ግን ከዚህ ውጭ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 377ም እንዲሁ ይል ነበር። እንግዲህ አስቡት፤ ተቀጥሮ የሚሠራው ሰው የማይገደድበትን ምርመራ፣ ገና በር ላይ የቆመውን አመልካች በምን አግባብ ይጠይቁታል?

«ምግብ ቤት ነዋ!» የሚል አይጠፋም። ኤች አይ ቪ በብርጭቆ፣ በሳህን፣ በላብ፣ በመጨባበጥ አይተላለፍም። ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በአገራችን በነጻ መሰጠት ከጀመረ ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ ብዙ ወገኖቻችን መድኃኒታቸውን እየወሰዱ ይሠራሉ፣ ይማራሉ፣ ልጅ ያሳድጋሉ። መድኃኒቱን በአግባቡ ወስዶ የቫይረሱ መጠን በምርመራ ከማይታይበት ደረጃ የደረሰ ሰው፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነት እንኳ ወደ ሌላ ሰው አያስተላልፍም። ታዲያ ቡና በማቅረብ ምን ሊያደርግ?

ይህን ስል «አትመርመሩ» ማለቴ አይደለም፤ አደራ! ራስን ማወቅ ትልቅ ነገር ነው። ግን በፈቃዳችሁ፣ ከምክር ጋር፣ ምስጢራችሁ ተጠብቆ፣ በጤና ተቋም ይሁን። ውጤቱ የእናንተ ነው፤ የቅጥር ፋይል ውስጥ አይገባም።

ሁለተኛዋ ለገንዘብ ተቀባይነት ያመለከተች ልጅ ናት። ቀን ከሌሎች ጋር ተፈተነች። ማታ ስልኳ ጮኸ፦ «ሁለተኛው ዙር ኢንተርቪው ሆቴል ነው፤ ብቻሽን ነይ»። ለታላቅ እህቷ ነገረቻት። እህቷም «ቢሮ ያለው ሰው ቢሮው ውስጥ ይጠይቅሽ» አለቻት። አልሄደችም። ሥራውንም አላገኘችም፤ ይህን አልደብቃችሁም። ወራት ፈጅቶባት ሌላ ቦታ ተቀጠረች።

እህቶቼ፣ ወንድሞቼም፣ እንዲህ ያለ ጥሪ ሲመጣ ጥፋቱ የጠሪው ነው። ለምትተማመኑበት ሰው ንገሩ፤ መልእክቱን አታጥፉት። ክፉ ነገር ደርሶ ከሆነ ደግሞ ሳትተጣጠቡ፣ ሳትዘገዩ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። በ72 ሰዓት ውስጥ የሚጀመር ኤች አይ ቪን የሚከላከል መድኃኒት አለ፤ በቶሎ ሲጀመር ደግሞ የተሻለ ነው። ፖሊስ ጣቢያም አመልክቱ።

ሦስተኛው ልጅ ለደላላ ከፍሎ ሥራ ገባ። አንድ ወር «በሙከራ» ሠራና «አልሆንክም» ተብሎ ያለ ደመወዝ ተሰናበተ። የጽሑፍ ውል አልነበረውም። ይህ ልጅ ሦስት ነገር ቢያውቅ ኖሮ ይጠቅመው ነበር። አንደኛ፣ በሕግ የሚሠራ የግል ሥራና ሠራተኛ አገናኝ ኤጀንሲ ከሠራተኛ በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ክፍያ አይቀበልም። ሁለተኛ፣ የሙከራ ጊዜ በጽሑፍ መሆን አለበት፤ ከ60 የሥራ ቀናትም አይበልጥም፤ የተሠራበት ደመወዝም ይከፈላል። ሦስተኛ፣ ውሉ በጽሑፍ ባይሆን አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ዝርዝሩን ፈርሞ መስጠት አለበት፤ ባይሰጥም ሠራተኛው መብቱን አያጣም።

ለክረምት ሥራ የምታስቡም ልብ በሉ፦ ከ15 ዓመት በታች መቅጠር ክልክል ነው። ከ15 እስከ 18 ያላችሁ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ ወይም ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት አትሠሩም።

ቀጣሪ ብዙ ነገር መጠየቅ ይችላል፦ የትምህርት ማስረጃ፣ ፈተና፣ ዋስ፣ የሥራ ልምድ። ደማችሁንና ገላችሁን ግን አይጠይቅም። ከጠየቃችሁ ብቻችሁን አትብሰልሰሉ፤ ለቤተሰብ፣ ለመምህር ተናገሩ፤ የሥራ ጉዳይ ከሆነም ለክፍለ ከተማችሁ ሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት አመልክቱ። ዛሬ «እምቢ» ማለትን ከተለማመድን፣ ነገ በተራበ ሆድም ቢሆን አይጠፋንም።