የፈረሰኛው ምርጫና የአርቦሬ ጦር

(በተማሪዎች ኅብረት የሐሙስ ማታ ስብሰባ ላይ የተነገረ ንግግር)



ዛሬ ማታ በፊታችሁ የቆምነው አንድ ጨዋታ ስላጣላን ነው። ነገሩ ሲሰሙት የሕፃናት ጉዳይ ሊመስል ይችላል፤ ጥቂት ትዕግሥት ብትሰጡን ግን ከዚያ ያለፈ መሆኑን ለማስረዳት እንሞክራለን።

ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት በመኝታ ቤታችን ስድስት ሆነን ቅዳሜ ማታ አንድ የጠረጴዛ ጨዋታ እንጫወታለን። ይህ ጨዋታ እንደ ገበጣ ጠጠር፥ እንደ ሰንጠረዥም ንጉሥና ፈረስ የለውም። አንዱ ታሪኩን ይመራል፤ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው የአንድን ሰው ኑሮ ወስደው «እኔ ይህን አደርጋለሁ» እያሉ ይናገራሉ፤ ነገሩ የሚያጠራጥር ሲሆን ባለ ሃያ ገጽ ዳይስ ይጣላል። የያዝነው ጨዋታ ግሬግ ስታፎርድ የተባለ አሜሪካዊ እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በ1985 ያወጣው «ፔንድራጎን» ነው። ተጫዋቹ የንጉሥ አርተር ፈረሰኛ ባላባት ይሆናል፤ አገሩን የሚወሩትም ሳክሶኖች ናቸው።

ይህ ጨዋታ ከሌሎቹ የሚለየው የሰውን ጠባይ በቍጥር በመመዘኑ ነው። 13 ጥንድ ጠባዮች አሉት፤ ምሕረት ከጭካኔ፥ ይቅር ባይነት ከበቀል፥ እውነተኛነት ከአታላይነት፥ ጀግንነት ከፍርሃት ጋራ እየተጣመሩ ይጻፋሉ። የሁለቱ ድምር ሁልጊዜ 20 ነው። ምሕረቱ 14 የሆነ ሰው ጭካኔው 6 ነው ማለት ነው። እንግዲህ ሰውዬው ባደረገው ሥራ አንዱ ከፍ ሲል ሌላው ዝቅ ይላል።

ጠባችን የተነሣው በአንድ ቅዳሜ ማታ ነው። ሳክሶኖቹ ወደ አንድ ድልድይ ገሠገሡ። ከድልድዩ ወዲህ ቅጥር ነበረ፤ ከድልድዩ ወዲያ ደግሞ ወደ ቅጥሩ የሚሸሹ ገበሬዎች ከነልጆቻቸውና ከነከብቶቻቸው ነበሩ። እኛ ፈረሰኞቹ ተማከርን፤ ድልድዩን ቈርጠን ቅጥሩን ለማዳን ወሰንን። ገበሬዎቹ ከወዲያ ቀሩ። ዳይሱም መልካም ወጣልንና ደስ ብሎን ሣቅን። ያን ጊዜ ከእኛ አንዱ፥ የአርቦሬ ልጅ የሆነው ጓደኛችን፥ ዳይሱን አስቀምጦ፥ ከወዲያ የቀረው መንደር የማን እንደ ሆነና ለገበሬዎቹ ዳይስ ያልተሰጣቸው ስለ ምን እንደ ሆነ ጠየቀን። «ጨዋታ እኮ ነው» አልነው። እርሱም ተነሥቶ ወጣ፤ አንድ ወር ሙሉ ወደ ጠረጴዛችን አልተመለሰም። ዛሬ ግን ከመካከላችሁ ተቀምጦአል። ይህ ንግግር ለእርሱ ልንሰጠው የሚገባንና የዘገየ መልስ ነው።

መልሱን ፍለጋ ወደ እንግሊዞች ተረት አልሄድንም። በአገራችን ባላባትና መኰንን በእውነተኛ ወረራ ጊዜ ምን እንደ መረጠ የሚያሳይ ታሪክ አለንና ወደዚያው ተመለስን።

የኢጣልያ ጦር መረብን የተሻገረው መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። ከጥቂት ቀን በኋላ ደጃዝማች ኃይለ ሥላሴ ጉግሣ ወደ ጠላት ገቡ። ይህን ምርጫ ለመፍረድ ብዙ አያስቸግርም። የሚያስቸግረው ሁለቱም ወገን ክብር ያለው ሲመስል ነው። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከአዲስ አበባ ተነሥተው ወደ ስደት ሄዱ። ከአማካሪዎቻቸው የሚበዙት የአገሪቱን አቤቱታ ለዓለም መንግሥታት ማኅበር ማሰማት ይሻላል ያሉ ነበሩ፤ እንደ ብላታ ታከለ ወልደ ሐዋርያት ያሉት ግን ንጉሥ ከሕዝቡ ጋራ በአገሩ ይሙት እንጂ አይውጣ ብለው ተከራከሩ። ሁለቱም ወገን ስለ አገር ተናግሮአል። በእኛ ጨዋታ ቢሆን የትኛው ጀግንነት፥ የትኛው ፍርሃት ተብሎ እንደሚጻፍ እርግጠኞች አይደለንም።

ወደ ደቡብ እንምጣ። የሲዳሞው ገዥ ራስ ደስታ ዳምጠው በጥር 1928 ዓ.ም. በገናሌ ዶሪያ በግራዚያኒ ጦር ተሸነፉ። ንጉሠ ነገሥቱ ከሄዱ በኋላም እስከ 1929 ዓ.ም. መጀመሪያ በይርጋ ዓለምና በአካባቢው ቈዩ። እጅ እንዲሰጡ ተጠየቁ፤ አልሰጡም። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በጎጌቲ በተደረገው ውጊያ ደጃዝማች በየነ መርዕድና ደጃዝማች ገብረ ማርያም ሲወድቁ፥ ራስ ደስታ ከጥቂት ቀን በኋላ ተይዘው ተገደሉ።

ራስ እምሩ ግን ሌላ መንገድ ሄዱ። በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. በጎጀብ ወንዝ አጠገብ ተከበቡ። ከእርሳቸው ጋራ የነበሩት ብዙ ሰዎች እንዳይፈጁ ሲሉ እጃቸውን ሰጡ፤ ወደ ኢጣልያም ተወስደው ታሰሩ። በተከታዮቻቸው መካከል የጥቁር አንበሳ ማኅበር አባሎች ነበሩ። ይህ ማኅበር በዶክተር ዓለመወርቅ በየነ ሰብሳቢነት የቆመ፥ ብዙዎቹ አባሎቹም በስዊድን መኰንኖች የተማሩ የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ልጆችና ከውጭ አገር ተምረው የተመለሱ ወጣቶች የሆኑበት ነው። ዕድሜአቸው እንደ እኛ ያለ ነበር! የማኅበሩ ደንብ ባላገሩን አትበድል፥ ምርኮኛን አታሠቃይ፥ ወደ ውጭ አገር አትሰደድ፥ ከምትማረክም ሞትን ምረጥ የሚል ነበር። ታዲያ ራስ እምሩ እጅ ሲሰጡ ይህ ደንብ በሁለት ተሰነጠቀ፤ ባላገሩንና ወታደሩን ማዳን አንድ ወገን፥ አለመማረክ ሌላ ወገን ሆነ። ከየካቲት 12 በኋላ ኢጣልያኖች ከተማረኩት የጥቁር አንበሳ ልጆች ብዙዎቹን ገደሉ። የሐኪም ወርቅነህ ልጆች ቢንያምና ዮሴፍም ከተገደሉት ናቸው። ይህን አስቀድሞ ማን ያውቅ ነበር? ምርጫ የሚመዘነው መጨረሻውን ከማወቅ በፊት ነው፤ ዳይሱ ከወደቀ በኋላ ሁሉም ሰው ዐዋቂ ነው።

ይኸው ማኅበር ሰኔ 20 ቀን 1928 ዓ.ም. ሌሊት ከነቀምቴ አጠገብ በቦናያ ያደሩትን የኢጣልያ አየር ኃይል መኰንኖች ከነአይሮፕላኖቻቸው አጠፋ። ከሞቱት አንዱ ጄኔራል ማሊዮኮ ነበሩ። እኛ በዚህ ላይ ተከራክረናል። ሌሊት የወደቀ ጠላትን መግደል የፈረሰኛ ክብር ነውን? ከእኛ አንዳንዶቹ አይደለም አሉ። ሌሎቹ ግን ከሰማይ የመርዝ ጢስ በሚረጭ ጠላትና ጥቂት ጠመንጃ ብቻ በያዘ ልጅ መካከል የፈረስ ግልቢያ ሕግ አይሠራም አሉ። የተስማማነው በአንድ ነገር ነው፤ መኰንኖቹ የጦር ሰዎች ነበሩ፤ በዚያ ሌሊት የተመታው መንደር አልነበረም።

ስለ ማታለልም እንዲሁ ነው። በ1932 ዓ.ም. ራስ አበበ አረጋይ ከጄኔራል ናዚ ጋራ የእርቅ ንግግር ጀመሩ፤ ንግግሩም እየተጓተተ ለአርበኞቹ የመተንፈሻ ጊዜ ሆነ። በከተማም ውስጥ እንደ ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ ያሉት የውስጥ አርበኞች ቀን ከጠላት ጋራ እየዋሉ ማታ ጥይትና ወሬ ወደ ዱር ይልኩ ነበር፤ እርሳቸውም ተይዘው ብዙ ተሠቃይተዋል። በጨዋታው ደብተር የእነዚህ ሰዎች አታላይነት ከፍ ብሎ ይጻፋል። በአገራቸው ልብ ግን የተጻፈው ሌላ ነው። ከዚህ የምንማረው እውነተኛነት ለማን የሚከፈል ዕዳ እንደ ሆነ መጠየቅ የሚገባ መሆኑን ነው።

አሁን ወደ ጓደኛችን ጥያቄ እንቅረብ። ዳይስ ያልተሰጠው ማን ነው?

የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ጣሉ። ጠላት በሦስት ቀን ውስጥ በአዲስ አበባ የፈጀው ሕዝብ በብዙ ሺሕ ይቈጠራል፤ በግንቦትም የደብረ ሊባኖስን መነኮሳት ረሸነ። በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ በዘረት ዋሻ ከአርበኞቹ ጋራ የተጠለሉ ሴቶችና ሕፃናት በመርዝ ጢስና በጥይት አለቁ። ወንጀሉ የገዳዩ ነው፤ ይህን ማንም እንዳያምታታብን። ቢሆንም ጦር የሚያነሣ ሰው በላዩ ላይ ብቻ እንደማያነሣ፥ ጀርባው ላይ ያሉትንም በሚዛኑ ላይ እንደሚያስቀምጥ ዘረት ያስተምራል። እኛ ድልድዩን ስንቈርጥ ይህን አላሰብንም ነበር።

ከዚህም የሚከብድ ነገር አለ። በ1928 ዓ.ም. ተወራሪ የሆነው መኰንን ከአርባ ዓመት በፊት በዚህ በእኛ አካባቢ የመጣው በምን አኳኋን ነበር? በ1890 ዓ.ም. የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር በኦሞ ምዕራብ ወርዶ እስከ ሩዶልፍ ሐይቅ ደረሰ፤ ባንዲራም ተከለ። ከጦሩ ጋራ የነበረው ሩሲያዊው መኰንን ቡላቶቪች በዘመቻው ቈስሎ የተጣለ አንድ ሕፃን አንሥቶ አሳደገ፤ ወደ አገሩም ይዞት ሄደ። አንዱን ሕፃን ማንሣቱ ምሕረት ነው። ግን ሕፃኑ ለምን ቈሰለ? በዚያው ዘመን አርቦሬም እንደ ጎረቤቶቹ በጦር ተይዞ ገባር ሆነ። ስለዚህ ለአርቦሬ ልጅ በፈረስ ላይ ያለው ሰው ሁልጊዜ የድልድዩ ጠባቂ አልነበረም፤ ድልድዩን ተሻግሮ የመጣውም እርሱ ነበር። የዐድዋና የማይጨው ክብር የሁላችንም ነው ስንል፥ የገባሩም ትዝታ የሁላችንም ሊሆን ይገባል። አንዱን ወስደን ሌላውን ከወዲያ ማዶ ብንተው ድልድዩን እንደገና መቍረጣችን ነው።

ከጦርነት በኋላስ? ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ሲገቡ ሕዝቡ ክፉን በክፉ እንዳይመልስ ዐወጁ፤ ኢጣልያኖቹም በጅምላ አልተፈጁም። ይህ ከታሪካችን ደግ ገጽ አንዱ ነው። ሆኖም ጠላትን ይቅር ማለት አንዳንድ ጊዜ ወንድምን ይቅር ከማለት ይቀላል፤ በላይ ዘለቀ በ1937 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተሰቀለ።

በዚህ በኩል የአርቦሬ ሕዝብ ለፈረሰኞቹ ሁሉ የሚያስተምረው ነገር አለው። አርቦሬ ከጨው ባሕር በስተ ሰሜን፥ በወይጦ ወንዝ ዳር በአራት መንደሮች የሚኖር፥ ወንዙ ሞልቶ ሲመለስ በረጠበው መሬት ማሽላ የሚዘራ፥ ከብትም የሚያረባ ጥቂት ሕዝብ ነው። ሐመር፥ ፀማይ፥ ቦረና፥ ኮንሶና ዳሰነች ዙሪያውን አሉ። ጥቂት ሆኖ በብዙዎች መካከል የሚኖር ሕዝብ በጦር ብቻ አይኖርም። ደርግ በ1983 ዓ.ም. ከወደቀ በኋላ አውቶማቲክ ጠመንጃ በየቦታው ሲበተንና ግጭት ሲበዛ፥ አርቦሬዎች በ1985 ዓ.ም. ጎረቤቶቻቸውን ወደ አገራቸው ጠሩ። ሽማግሌዎቹ ተነጋገሩ፤ የጦሩ ስለት ተዶለዶመ፤ ጦሩም ተቀበረ። ኢቮ ሽትሬከርና አሉላ ፓንክረስት ይህንኑ ሥርዐት «ጦሩን ቅበሩ» በሚል ስም በፊልም አስቀርተውታል።

ልብ አድርጉ፤ የጦሩ ስለት በቅድሚያ ተዶልዱሞአል። ለምን ቢባል፥ ተቀብሮ የሚወጣ ነገር አለና። የተዶለዶመ ጦር ግን ቢወጣም አይወጋም። እኛ ይህን የተረዳነው እንዲህ ነው፤ እርቅ ጠመንጃን መደበቅ ሳይሆን የበቀልን አፍ ማደንዘዝ ነው። ከ1985 ወዲህ በአካባቢያችን ግጭት ፈጽሞ አልጠፋም። ይህ ግን ሥርዐቱን ከንቱ አያደርገውም፤ ደጋግሞ መሥራት የሚያስፈልግ መሆኑን ያሳያል እንጂ።

ውድ ጓደኞቻችን፤ ነገ ከዚህ ወጥተን መምህር፥ ዳኛ፥ የወረዳ ሹም፥ የፖሊስ መኰንን እንሆናለን። በዛሬ ዘመን ፈረሰኛ ማለት እኛ ነን። በእጃችን ማኅተም ይኖራል፤ ዳይሱም በእኛ እጅ ይሆናል። ከብት ተዘርፎ አንድ ሰው በሞተ ማግስት ወደ መንደሩ የምንልከው ፖሊስን ነው ወይስ ሽማግሌን? መንገድ ሲቀየስ፥ የእርሻ ኩባንያ መሬት ሲጠይቅ፥ ከድልድዩ ወዲያ ያሉት ሰዎች በስብሰባው ላይ ይጠየቃሉን? እንደ ጥቁር አንበሳ ልጆች ባላገሩን አትበድል የሚል ደንብ ለራሳችን አስቀድመን ካልጻፍን፥ በዚያች ሰዓት ቈመን ልንጽፈው አንችልም።

ስለዚህ ለኅብረቱ ሁለት ሐሳብ እናቀርባለን። አንደኛ፥ በሚመጣው ዕረፍት እያንዳንዱ ተማሪ በአገሩ ሽማግሌዎች ዘንድ ቀርቦ ስለ ወረራውና ከዚያ በፊት ስለ መጣው ጦር፥ ስለ እርቅም ሥርዐት የሚያስታውሱትን ጽፎ ያምጣ፤ በዚህ ጋዜጣም ይታተም። ሁለተኛ፥ በመኝታ ቤታችን የአንዱ ነገድ ልጅ ከሌላው ጋራ ሲጣላ ነገሩ ወደ ጽሕፈት ቤት ከመድረሱ በፊት የሚያይ የተማሪ ሽማግሌ ይመረጥ።

በመጨረሻ ስለ ጨዋታው እንንገራችሁ። ባለፈው ቅዳሜ ያንኑ ድልድይ እንደገና ተጫወትነው፤ ከእኛ ሁለቱ ግን ገበሬዎች ሆኑ። ገበሬዎቹ ከብቶቻቸውን በሳክሶኖቹ ላይ ነድተው ጊዜ ገዙልን፤ ሕፃናቱ ተሻገሩ። ቅጥሩ ግን ተያዘ፤ እኛም ፈረሶቻችንን አጣን። በደብተራችን ላይ ድል ብለን አልጻፍንም። ከፊታችን አንድ ወንበር ባዶ ነበረ፤ በሚመጣው ቅዳሜም ባዶውን ይጠብቃል። ወንድማችን፥ ብትመለስ የታሪኩ መሪ አንተ ትሆናለህ፤ ድልድዩን የት እንደምታደርገውም አንተ ታውቃለህ።