ያለፈው የገናና የፈረስ ወራት ከተመልካች ወገን ሲታይ

(በተማሪዎች ማኅበር የባህል ምሽት የተደረገ ንግግር)



ስለ ጨዋታ መናገር የሚገባው ተጫዋች ነው የሚል ሰው ከመካከላችሁ አይጠፋም። እኔ ግን ዛሬ የቆምኩት በተመልካች ስም ነው። ጨዋታ ምንጊዜም ሁለት ወገን አለው፤ አንደኛው የሚጫወተው፣ ሁለተኛው ዳር ቆሞ የሚጮኸው። ዳር የቆመው ሰው ከሌለ አሸናፊው ማን ፊት ይፎክራል? ተሸናፊውስ ከማን ዓይን ይሸሸጋል? ስለዚህ እኔ የጥርባ ልጅ፣ በ2017 ዓ.ም. ከገና እስከ ጥር 23 ድረስ ያየነውን፣ ያየነውም ምን እንዳመለከተን ላስረዳችሁ እወዳለሁ።

በአዊ አገር የጨዋታ ወራት የራሱ ሥርዓት አለው። እህል ተሰብስቦ ሲያበቃ፣ የነቢያት ጾም ሲጋመስ፣ ልጆች ከብት እየጠበቁ ዱላ መቁረጥ ይጀምራሉ። ይህ ሲያያዝ ይውልና ታኅሣሥ 29 ቀን ጎልማሳውም ሽማግሌውም ሜዳ ይወጣል። ከዚያ ጥምቀት ይመጣል። በመጨረሻም ጥር 23 ቀን በእንጅባራ ሰባት ቤት አገው ከፈረሱ ጋራ ይሰበሰባል። ይኸውም ባንጃ፣ አንከሻ፣ ዚገም፣ አዘና፣ ቻራ፣ ኳኩራና መተከል ተብሎ የሚቆጠረው ነው። የዱላው ጨዋታ በር ከፍቶ፣ የፈረሱ ጨዋታ በር ይዘጋል ማለት ነው።

ከተማ ላደጋችሁ ጓደኞቼ ስለ ገና ጥቂት ልግለጽ። ዱላው ጫፉ የተቆለመመ ጠንካራ እንጨት ነው። ኳሷ ሩር ትባላለች፤ ከእንጨት ጕጥ ተጠርባ ወይም ከጠፍር ተጠቅልላ ትሠራለች። ሁለት ሠፈር ይገጥማል። ሩሯን እየመቱ ከተቃራኒው ዳር ያሳለፈ ወገን አሸነፈ ይባላል። እረኞች የጌታን መወለድ በሰሙ ጊዜ ደስታቸውን በበትራቸው ገለጹ፤ ጨዋታው ከዚያ መጣ ይላሉ አባቶቻችን። በዚያን ዕለት ባለሥልጣኑና ጭሰኛው፣ ጌታና ሎሌው ትከሻ ለትከሻ ቢጋፉ፣ ሎሌው የጌታውን ቅልጥም ቢመታ እንኳ ቂም አይያዝም ነበር። በዓመት አንድ ቀን ሰው ሁሉ እኩል የሚሆንበት ሜዳ ነበር ብል ማጋነን አይሆንም።

እንግዲህ ወደ ባለፈው ገና እንምጣ። በእኛ አካባቢ የላይ ሠፈርና የታች ሠፈር ገጠሙ። እኔ በልደት የታች ሠፈር ደጋፊ ነኝ፤ ስለዚህ ምስክርነቴን በጥንቃቄ ተቀበሉ። ስንት ለስንት እንደ ተሰለፉ የቆጠረ የለም፤ ዱላ የያዘ ሁሉ ገባ። ገና ከመጀመሩ የላይ ሠፈሮች በዝተዋል የሚል ክርክር ተነሣ። እነሱም፦ «እናንተስ ከዘመድ አገር ሰው አስመጥታችሁ የለም ወይ?» ብለው መለሱ። ሽማግሌዎች ገብተው አስማሙና ጨዋታው ቀጠለ። እውነቱን ለመናገር የላይ ሠፈሮች ጉልበት ነበራቸው፤ የእኛዎቹ ግን ሩሯን ከመሬት አንሥቶ አየር ላይ መምታትን ያውቁበታል። ከሰዓት በኋላ አንድ የታች ሠፈር ጎረምሳ የመታት ሩር በሁሉም ራስ ላይ አልፋ ስትሄድ ሴቶች እልል አሉ፤ እኛም አሸነፍን ብለን ዘለልን።

ነገር ግን ሩሯ ዳር መድረሷን ማንም አላየም። ለምን ቢባል፣ ሄዳ የገባችው ከዲከረንሱ ውስጥ ነው። ልጆች ገብተው ፈለጉ፤ ትልልቆቹም ገቡ። እነሱ ሲፈልጉ እኛ ስንከራከር ፀሐይ አዘቀዘቀች። በመጨረሻ ሩሯ ሳትገኝ፣ አሸናፊውም ሳይታወቅ፣ ሁሉም ወደየቤቱ ገባ። እስከ ዛሬ ድረስ በጠላ ቤት፣ በገበያ መንገድ፣ በለቅሶ ቤት እንኳ የምንሟገትበት ጨዋታ ይህ ነው። የታች ሠፈር ልጅ ሁሉ አልፋለች ይላል፤ የላይ ሠፈር ልጅ ሁሉ አላለፈችም ይላል።

በዚያን ጊዜ አጠገቤ የቆሙ አንድ አዛውንት ሲስቁ፦ «አባባ፣ ምን ያስቅዎታል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። እሳቸውም፦ «ልጄ፣ በእኛ ጊዜ ሩር የሚሰወርበት ጥሻ አልነበረም። ሜዳው ከዚህ እስከ ወንዙ ድረስ ነበር። ዛሬ እናንተ የምትጫወቱት በሜዳው ላይ ሳይሆን ከሜዳው በተረፈው ላይ ነው» አሉኝ። ይህ አነጋገራቸው ከጨዋታው ይልቅ በልቤ ውስጥ ቀረ።

በዚህ ነጥብ ላይ ቅን ፍርድ መፍረድ ይገባል። ዲከረንስ የሚባለው ዛፍ በፋግታ ለኮማና በባንጃ፣ በአካባቢውም ሁሉ፣ ባለፉት ሠላሳ ዓመታት ገደማ ተስፋፍቷል። አራትና አምስት ዓመት ሲሞላው ተቆርጦ ከሰል ይሆናል፤ ከሰሉም ወደ አዲስ አበባና ወደ ሌላው ከተማ ይጫናል። ኮምጣጣ ሆኖ እህል እምቢ ያለው መሬት ከዛፉ በኋላ ደኅና እንደሚያበቅል ገበሬው ይመሰክራል። ቆርቆሮ ቤት የሠራ፣ ልጁን ያስተማረ ብዙ ነው። እኔም ራሴ ወደዚህ ስመጣ ሻንጣዬና ብርድ ልብሴ የተገዛው በከሰል ገንዘብ ነው። ስለዚህ ዛፉን ንቀሉ ብሎ የሚሰብክ ሰው ቢነሣ እኔ አልከተለውም። የምለው ግን ይህ ነው፦ የግል ማሳ ዛፍ ሲለብስ ከብቱ ሁሉ ወደ ወል ግጦሽ ይገፋል፤ የወል ግጦሹም ከዳር ከዳሩ ይቆረሳል። የወል ግጦሽ ደግሞ የገና ሜዳ ነው፤ የጉግስ ሜዳም ነው፤ የፈረሱም መብል ነው። አንድ ሜዳ ሲጠፋ ሦስት ነገር አብሮ ይጠፋል።

አሁን ወደ ፈረሱ ልለፍ። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ነው። ጠላት በአገራችን ላይ ገና ተቀምጦ ሳለ መሆኑን ልብ በሉ። ፈረስ በ1888 ዓ.ም. በዐድዋ ከአርበኛው ጋራ የዋለውን ውለታ ለማሰብ፣ ወሩ በገባ በ23 የሚውለውን ቅዱስ ጊዮርጊስንም ለማክበር የቆመ ማኅበር ነው። በ2017 ዓ.ም. 85 ዓመት ሞላው፤ አባላቱም ከ60,000 በላይ እንደ ሆኑ ይነገራል። ጥር 23 ቀን እንጅባራ የወጣ ተመልካች የሚያየውን ያውቃል፤ መጣብር ያጠለቀ፣ ኮርቻው ያጌጠ ፈረስ በየአቅጣጫው እንደ ጎርፍ ይመጣል። በሽርጡ ግልቢያ ይታያል፤ በጉግሱ አንዱ ወገን ዘንግ እየወረወረ ያባርራል፣ ሌላው ወገን በጋሻ እየመከተ ይሸሻል፤ ከዚያ ተራው ይለወጣል።

እንደ ደጋፊ ከጠየቃችሁኝ ከሁሉ ደስ ያለኝ ጉግሱ ነው። በጉግስ ውስጥ ፈረሱ ጌታውን ሲያድን ታያላችሁ። ዘንጉ ሲመጣ ጌታው ገና ሳይዞር ፈረሱ ጐኑን የሚሰብርበት ጊዜ አለ። ይህን ያየ ሕዝብ የሚያሰማው ጩኸት በሬዲዮና በቴሌቪዥን ሊተላለፍ የሚችል አይደለም።

ታዲያ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ አንድ ጥያቄ ላቅርብላችሁ። የፈረሱ ጨዋታ ከዓመት ዓመት ሲደምቅ የገናው ጨዋታ ከዓመት ዓመት ለምን ይቀጥናል? ሁለቱም የአንድ አገር ጨዋታ ናቸው፤ ሁለቱም ሜዳ ይጠይቃሉ። እንዲያውም ፈረስ ብዙ ወጪ አለው፤ የገና ዱላ ግን ከጫካ ይቆረጣል። በእኔ አስተሳሰብ ልዩነቱ ፈረሱ ማኅበር ያለው መሆኑ ነው። ማኅበሩ ለጥር 23 ብቻ የቆመ አይደለም፤ አባል ሲያገባ ያጅባል፣ ሲሞት በፈረስ ይሸኛል፣ ሲጣላ ያስታርቃል። ስለዚህ ጨዋታው ከሕዝቡ ኑሮ ጋራ ተሰፍቷል። ገና ግን ባለቤት የለውም። የሁሉ ነው ስለ ተባለ የማንም ሳይሆን ቀረ።

ይህ ነገር በእኛ ብቻ የደረሰ አይደለም። ወደ አየርላንድ ብንመለከት ገናን እጅግ የሚመስል ሀርሊንግ የሚባል ጨዋታ አላቸው። ዱላው ጫፉ ሰፋ ያለ ቆልማማ እንጨት ነው፤ ኳሱ በቆዳ የተሸፈነ ነው። እነሱም በጥንት ዘመን መንደር ከመንደር ያለ ቁጥርና ያለ ዳኛ ይጋጠሙ ነበር። አገራቸው በእንግሊዝ መንግሥት ሥር ሳለች ጨዋታው ሊጠፋ ተቃረበ። በዚህ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1884፣ ከዐድዋ ድል 12 ዓመት ቀድሞ መሆኑ ነው፣ ተርልስ በምትባል ከተማ ጥቂት ሰዎች ተሰብስበው አንድ ማኅበር አቆሙ። ሕግ ጻፉለት፤ ቡድኑን በየአጥቢያው አደራጁት። ዛሬ በየወገኑ 15 ተጫዋች ይሰለፋል፤ በደብሊን ያለው ሜዳቸው ከ82,000 ሰው በላይ ይይዛል። የሚያስደንቀው ግን ተጫዋቾቹ ደመወዝ የማይከፈላቸው መሆኑ ነው። እሑድ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት የተጫወተው ሰው ሰኞ ወደ ማስተማሩ ወይም ወደ እርሻው ይመለሳል።

የእነሱም የ2017 ዓ.ም. ወራት ለተመልካች ትምህርት የሚሰጥ ነበር። ሐምሌ 13 ቀን በፍጻሜው ኮርክና ቲፐረሪ ገጠሙ። ኮርክ ከእ.ኤ.አ. 2005 ወዲህ ዋንጫ ስላላየ ደጋፊው በናፍቆት ተቃጥሎ ነበር። በዕረፍት ሰዓት ኮርክ በ6 ነጥብ ይመራ ነበር። ከዕረፍት በኋላ ግን 2 ነጥብ ብቻ አስቆጠረ፤ ቲፐረሪም በ15 ነጥብ ልዩነት አሸነፈ። ይህን ሳነብ እኛና የኮርክ ደጋፊዎች ተመሳሳይ ኀዘንተኞች መስለው ታዩኝ። ሆኖም አንድ ልዩነት አለን። እነሱ መሸነፋቸውን ያውቁታል፤ በመዝገብ ተጽፏል፤ ለሚቀጥለው ዓመት ይዘጋጁበታል። እኛ ግን ማሸነፋችንንም መሸነፋችንንም አናውቀውም።

አንድ የክፍል ጓደኛዬ ይህን ሐሳቤን ሰምቶ፦ «ገናን በሕግና በፊሽካ ካሠራችሁት ገና መሆኑ ይቀራል፤ ውበቱ ልቅ መሆኑ ነው» ሲል ተቃወመኝ። ተቃውሞው ቀላል አይደለም። ጌታና ሎሌ የሚጋፉበትን ነፃነት በወረቀት ልንገድለው እንችላለን። በአገር አቀፍ ደረጃ የባህል ስፖርት ፌዴሬሽን አለ፤ ገናንና ትግልን፣ ገበጣንና የፈረስ ጉግስን በሕግ ያወዳድራል፤ ምስጋና ይገባዋል። ነገር ግን በየክልሉ የተመረጡ ጥቂት ሰዎች በስታዲየም ሲጫወቱ የመንደሩ ሜዳ ከጠፋ፣ ጨዋታው በሙዚየም እንደ ተቀመጠ ጋሻ ይሆናል። ስለዚህ ለጓደኛዬ የምሰጠው መልስ ይህ ነው፦ የመንደሩ ገና ብዙ ሕግ አያስፈልገውም፤ ሦስት ብቻ ይበቃዋል። ዳሩ የት እንደ ሆነ፣ በየወገኑ ስንት ሰው እንደሚገባ፣ አለፈች አላለፈችም የሚለውን ማን እንደሚፈርድ። ከዚህ የቀረው እንደ ጥንቱ ልቅ ይሁን።

ስለ እኅቶቻችንም አንድ ቃል ልናገር። አየርላንዳውያን ሴቶች ካሞጊ የሚባል የራሳቸውን የዱላ ጨዋታ ካቋቋሙ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2018 ሀርሊንግንና ካሞጊን አንድ ላይ በዓለም ቅርስነት መዝግቧል። በእኛ ዘንድ ግን ሴት ልጅ ድርሻዋ እልልታ ብቻ ነው። ከብት ስትጠብቅ ከወንድሞቿ ጋራ ሩር የመታች ልጅ፣ ጡት ስታበቅል ዱላዋን የምትቀማበት ምክንያት ምንድን ነው? ይህን ጥያቄ እዚህ ለተቀመጡት እኅቶቼ ትቼዋለሁ፤ እኔ ብመልሰው ሌላ ቅሚያ ይሆንብኛል።

ለማጠቃለል፣ ማኅበራችን ሦስት ነገር እንዲፈጽም አሳስባለሁ። አንደኛ፣ ለበዓል ወደየአገራችን ስንሄድ እያንዳንዳችን የሠፈራችንን ሜዳ ድንበር ከሽማግሌ ጠይቀን በወረቀት እንንደፍ፤ ለቀበሌውም እናቅርብ። ያልተጻፈ ድንበር በየዓመቱ በአንድ ማረሻ ወርድ ይገፋል። ሁለተኛ፣ ሩር የሚሠሩና ዱላ የሚቆለምሙ አባቶች ሳያልፉብን አሠራሩን በአገውኛም በአማርኛም እንመዝግብ። ሦስተኛ፣ ለዕረፍት ከመበተናችን በፊት በዚሁ ግቢ ወረዳ ከወረዳ ገና እንግጠም፤ ሦስቱንም ሕጎች እንፈትናቸው።

በሚመጣው ገና የላይ ሠፈር ቢያሸንፈን አልከፋም። የሚከፋኝ ሩሯ ዳግመኛ ከዛፍ ውስጥ ገብታ፣ ማን እንዳሸነፈ ሳናውቅ ከቀረን ነው።