እግሩ ሜትሩ የሆነ ጉንዳን

ሰላም፦ አድማጮቻችን፣ እንስሳ መንገዱን የሚያገኘው በሚያየው ምልክት ነው እንላለን። በቱኒዚያ ጨዋማ ሜዳዎች የሚኖረው የበረሃ ጉንዳን ግን ዛፍም ቁጥቋጦም በሌለበት ምግብ ፍለጋ ሲዞር ቆይቶ ወደ ጉድጓዱ በቀጥታ ይመለሳል። አቅጣጫውን ከፀሐይና ከሰማይ ብርሃን ያገኛል። ርቀቱንስ?

ዳዊት፦ እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ጥናት መልስ አለው። ጉንዳኖቹ 10 ሜትር ተጉዘው ምግቡ ጋ ሲደርሱ ተመራማሪዎቹ የአንዳንዶቹን እግር የአሳማ ፀጉር ቀጥለው አስረዘሙት፤ የሌሎቹን ቆርጠው አሳጠሩት። በመልስ ጉዞ ባለረጅም እግሮቹ ጉድጓዳቸውን አልፈው ሄዱ፤ ባለአጭር እግሮቹ ሳይደርሱ ቆመው ይፈልጉት ጀመር። የሚለኩት በእርምጃ ነው ማለት ነው።

ሰላም፦ እግሩ የተነካ ፍጡር ቢሳሳት ምን ይገርማል? ጉዳቱ ነው ያሳሳተው የሚል አይጠፋም።

ዳዊት፦ ተገቢ ጥያቄ ነው። ነገር ግን እነዚያው ጉንዳኖች በኋላ በተለወጠው እግራቸው ከጉድጓዳቸው ወጥተው ሲመለሱ ርቀቱን አልሳቱም። መሄጃውም መመለሻውም በአንድ እግር ሲለካ ሒሳቡ ገጠመ። ጥፋቱ የጉዳቱ ቢሆን ኖሮ ስህተቱ በቀጠለ ነበር።

ሰላም፦ እንግዲህ ምልክት ካገኘ ጉንዳኑም ይጠቀምበታል፤ ምልክት በሌለበት ግን እግሩ ሜትሩ ነው።