የጣና ዓሣና እንግዳው ዓሣ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተሰጠ ንግግር)



ርእሳችን ዓሣ ነው ስንል ከኋላ የተቀመጡት ጓደኞቻችን እንደሚሥቁ እናውቃለን፤ ይሣቁ፤ እኛ ግን ትናንት ምሳ ላይ ማን ሁለት ቆረሶ እንደ በላ አይተናል።

ባለፈው ክረምት ከመካከላችን የአንዱ አባት፣ መረብ ጥለው የሚያድሩ ሰው፣ «እናንተ የተማራችሁ ልጆች፣ የጫሞን ትልቁን ዓሣ አምጥታችሁ ጣና ብትለቁት ድኻው ይጠግብ አልነበረምን?» ብለው ጠየቁን። ያን ዕለት መልስ አጣን።

የጠየቁን ስለ ናይል ፐርች ነው። ይህን ዓሣ ሰዎች እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከ1950ዎቹ ጀምሮ አምጥተው ቪክቶሪያ ሐይቅ ውስጥ ለቀቁት። አሳባቸው ክፉ አልነበረም፤ ብዙ ዓመትም ጉዳቱ ጐልቶ አልታየም። በ1980ዎቹ ግን በድንገት በዛና፣ በሌላ ስፍራ የማይገኙ ወደ 200 የሚጠጉ የትንንሽ ዓሣ ዐይነቶች እንደ ጠፉ ይገመታል። በርግጥ ሥጋው ወደ አውሮፓ እየተላከ ብዙ ገንዘብ አስገኝቷል። ነገር ግን የዱሮዎቹን ትንንሽ ዓሦች በፀሐይ ማድረቅ ይቻል ነበር፤ የዚህ ሥጋ ስብ ስለሚበዛበት ጢስ ይፈልጋል፤ ለጢሱም ዛፍ ተቈረጠ።

ጥፋቱ የዓሣው አይደለም። በጫሞና በአባያ፣ በባሮም ወንዝ ተወላጅ ነው። በጣና ግን እንግዳ ነው። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ወደ 40 ሜትር የሚደርስ ግድግዳ ሆኖ የታቹን ዓሣ ስላገደ፣ ነጭ ዓሣ የምንለው ወገን በሐይቁ ውስጥ 15 ያህል ዐይነት ሆኗል። ገበያ ላይ ሁሉንም በአንድ ስም እንጠራቸዋለን፤ አፋቸውን ላስተዋለ ግን አንዱ ዓሣ አዳኝ፣ ሌላው ከጭቃ ለቃሚ ነው። ፏፏቴው ያገደውን አንድ ሰው በጀሪካን ተሸክሞ በአንድ ቀን ያሳልፈዋል! እምቦጭ በ2011 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በጣና መታየቱ ከታወቀ ወዲህ ስንት ወገብ እንደ ደከመ እናንተ ታውቃላችሁ፤ አረም እንኳ በእጅ ይነቀላል፣ ዓሣን ግን ማን ይነቅለዋል?

ይህን ሁሉ ለአባታችን ነገርናቸው። ነጩ ዓሣ በክረምት ለመራባት ወደ ጉማራና ወደ ርብ ሲወጣ በወንዙ አፍ መረብ እንደሚጠብቀው፣ በነሐሴና በመስከረም ቢተውለት ሐይቁ ራሱ እንደሚሞላ አስረዳናቸው። ዝም ብለው ሰሙንና፣ «ታዲያ በመስከረም ደብተራችሁን በምን ልግዛ?» አሉን።

ለዚህ ገና መልስ የለንም። ስለዚህ ከበዓሉ በኋላ በቤተ መጻሕፍቱ በር የሐይቁን ካርታ ዘርግተን እንቈያለን፤ መረብ የምትጥሉ ወላጆች መጥታችሁ፣ የትኛው የወንዝ አፍ ለስንት ሳምንት ቢተው ቤታችሁ እንደማይጐዳ እንድታሳዩን በትሕትና እንለምናለን።