ጆሮዋ ለደከመ እህታችን



ዛሬ ጆሯቸው ደክሞ ለማንም ስለማይናገሩ እህቶች እናውራ። ጨርሶ የማይሰሙትን ሳይሆን፣ ድምፅ እየሰሙ ቃሉ የማይለይላቸውን ማለቴ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ዘገባ፣ መስማት በጣም የደከመባቸውና እርዳታ የሚያስፈልጋቸው ሰዎች ከ430 ሚሊዮን በላይ ናቸው። ስለዚህ እዚህ አል አንሳብም አንዷ አጠገባችን ብትኖር አይግረመን።

በሰው ቤት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ማዳም ከፎቅ ትጣራለች፤ እህታችን አትሰማም፤ "ሰነፍ ናት፣ እምቢተኛ ናት" ትባላለች። ፈርታ "አይዋ" ትልና ያልታዘዘችውን ትሠራለች። ከንፈር እያየች ለመረዳት ብትሞክርም፣ "ማማ" እና "ባባ" ከንፈር ላይ አንድ ናቸው። ሻዩ ለማን እንደታዘዘ በምን ትወቅ? እንዲህ እያለ እንጀራዋ ይቆረጣል። እኛም ሰላም ስንላት ዝም ካለች "ኮራች" እንላለን።

ማርቆስ ምዕራፍ 7 ላይ ስለ አንድ መስማት ስለተሳነው ሰው ተጽፏል። ወደ ጌታ ያመጡት ሌሎች ሰዎች ናቸው። ጌታም ከሕዝቡ ለይቶ ወሰደው፤ ጆሮውንና ምላሱን በእጁ ነካ። ከጫጫታው አውጥቶ፣ ሰውየው በሚያየውና በሚሰማው ንክኪ ቀረበው። እኛም እንዲሁ እናድርግ።

ስናናግራት ፊታችንን እናሳያት፤ ብርሃኑ ፊታችን ላይ ይሁን። አንጩህባት፤ ጩኸት ቃሉን ያበላሸዋል። ካልገባት በሌላ ቃል እንንገራት። "ተይው፣ ምንም አይደለም" አንበላት፤ ከሁሉ የሚያመው ይሄ ነው። በዋትሳፕ ድምፅ ከመላክ እንጻፍላት፤ ማንበብ ካልቻለች በቪዲዮ እንደውልላት። ከጸሎት በኋላ የተነገረውን ማስታወቂያ አንዳችን እንድገምላት።

ለማዳም መናገር ከፈለገች አብረን እናለማምዳት፦ "ማ አስማ ዜን"፣ ደህና አልሰማም ማለት ነው። ከመጣራት ይልቅ ስልኳ ላይ እንዲደውሉላት ትጠይቅ፤ ስልኩን ቫይብሬት አድርጋ ኪሷ ውስጥ ትያዝ። መቼ እንደምትናገር ግን የምትወስነው እሷ ናት። ሥራዋ ሊነካ ስለሚችል ምስጢሯን አናውራ።

እ.ኤ.አ. በ1979 ሮኪ ስቶን የሚባል ጆሮው የደከመ አሜሪካዊ፣ እንደ እሱ ያሉትን ሰብስቦ እርስ በርስ የሚረዳዱበት ማኅበር መሠረተ። የደረሰበት ሰው ለሌላው የሚነግረው ብዙ አለውና። በመካከላችን ሁለት እንኳ ካሉ፣ ፈቃዳቸው ከሆነ፣ እናገናኛቸው።

ክሊኒክ መሄድም አይርሳ። የጆሮ ኩክና ቁስለት በሕክምና ሊድኑ ይችላሉ። ጆሮ በድንገት ከደነቆረ ግን ቀን መቁጠር የለብንም፤ በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ሐኪም ይየው፤ መዘግየት መስማትን ለዘለቄታው ሊያሳጣ ይችላል። በጥፊ ከተመታችና ጆሮዋ ከጮኸ ወይም ፈሳሽ ካወጣ፣ ዘይት፣ ውኃም ሆነ ስንጥር አይግባበት፤ ትታከም።

እህቶቼ፣ "ጆሮዬ ደክሟል" ማለት ነውር አይደለም። በሚቀጥለው ዓርብ የፊተኛውን ወንበር ለእነሱ እንተውላቸው፤ ማንንም "ለምን እዚያ ተቀመጥሽ?" ብለን አንጠይቅ።

ጌታ ይባርካችሁ።