የሚሮጡ ልጆቻችንና የሰበካው ድርሻ

(ለሰበካ መንፈሳዊ ጉባኤ አባላትና ለካህናት በተዘጋጀ የምክክር ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



በልማት ሥራ ላይ የተሰማራ ዲያቆን ስለ ውኃ ጉድጓድ ወይም ስለ ችግኝ ጣቢያ ሳይሆን ስለ ሩጫ ሊናገር መቆሙ ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን በደጋው ወረዳዎች ጎሕ ሲቀድ መንገዱን የሚሞሉት ሁለት ወገኖች ናቸው፤ ወደ ኪዳን የሚገሠግሡ ምእመናንና ወደ ልምምድ የሚሮጡ ልጆች። አሠልጣኞች እነዚህን ልጆች በሳምንት አምስትና ስድስት ቀን ያገኟቸዋል። እኛ ግን የምናገኛቸው እሑድ ጠዋት ነው፤ እርሱም ከመጡ።

በአርሲ የምትገኘው በቆጂ ደራርቱ ቱሉን፣ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን ያፈራች ምድር ናት። ደራርቱ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና በ10,000 ሜትር ወርቅ ስታገኝ ከጥቁር አፍሪካውያን ሴቶች የመጀመሪያዋ ነበረች። ከዚያ ወዲህ ስንቱ ወላጅ በልጁ እግር ላይ ተስፋውን ጥሏል! በዚያው ሜዳ ሮጠው ጉልበታቸው የተጎዳውን፣ ትምህርታቸውን ከመንገድ ያስቀሩትን ግን የሚያነሣቸው የለም። እነርሱም የእኛው ልጆች ናቸው።

አሁን የራሴን ጥፋት ልናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት በዐቢይ ጾም አንድ የ15 ዓመት ልጅ ቀርቦ፣ «ዲያቆን፣ ልምምድ ላይ ዓይኔን ያጨልመኛል፤ ምን ላድርግ?» ሲል ጠየቀኝ። እኔም ሳልመረምር፣ «ጾም ማንንም አልገደለም» ብዬ አሰናበትሁት። ልጁ ማለዳ ከባዱን ሩጫ ይሮጥና እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ እንኳ ሳይቀምስ ይውል ነበር። በሦስተኛው ቀን ሜዳ ላይ ወደቀ። አሠልጣኙ ተቆጥተው፣ «ወይ ጾሙን ወይ ሩጫውን ምረጥ» አሉት። ልጁም ሩጫውን መረጠና ከቤተ ክርስቲያን ቀረ። ያንን ምርጫ ፊቱ ላይ ያኖርንለት እኔና አሠልጣኙ ነን፤ አንድ ቀን እንኳ ተገናኝተን አልተነጋገርንም ነበርና።

ብንነጋገር ኖሮ መፍትሔው በቀን መቁጠሪያችን ውስጥ ነበር። በዐቢይ ጾም ቅዳሜና እሑድ ከጥሉላት እንከለከላለን እንጂ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አንውልም። እንግዲህ ከባዱ ልምምድ ወደ ቅዳሜ ቢዛወር፣ በሌሎቹ ቀናት ቀላል ሩጫ ብቻ ሆኖ ከሰዓት በኋላ ቢደረግና ልጁ ወዲያው ገብቶ ቢመገብ፣ ጾሙም ልምምዱም ባልተጣሉ ነበር። ከትንሣኤ እስከ በዓለ ሃምሳ ደግሞ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም፤ ለአሠልጣኝ ከዚህ የተመቸ የብርታት ጊዜ የለም። ምስር፣ ሽሮ፣ ባቄላ፣ ተልባና ሱፍ የጾምን ሰው አያንሱትም፤ ችግሩ ብዙውን ጊዜ በቤት ውስጥ የእነዚህም መታጣት ነው፤ ይህን ደግሞ ሰበካው ከማንም በላይ ያውቃል። ለታመመውና ለደከመው ልጅ የሚፈርዱት የንስሐ አባቱ ናቸው። ቤተ ክርስቲያናችን ለሕሙማን የምታዝን እናት ናትና ልጁ ይህን ከሌላ ሳይሆን ከካህን አንደበት ሊሰማ ይገባዋል።

ሌላው ጉዳይ ወረቀት ነው፤ ይህ በቀጥታ የእናንተን ማኅተም ይነካል። አንድ አባት ወደ ሰበካ ጽሕፈት ቤት መጥተው፣ 17 ዓመት የሞላው ልጃቸው በክርስትና ምስክር ወረቀቱ 14 ተብሎ እንዲጻፍላቸው ለመኑ። ለታዳጊዎች ውድድር ነው። «ማንን ይጎዳል?» አሉ። የሚጎዳውማ በእውነት 14 ዓመት የሆነው፣ ከዚያ ወጣት ኋላ ቀርቶ «አልችልም» ብሎ የሚተወው የጎረቤት ልጅ ነው። ሐዋርያው ለጢሞቴዎስ በላከው በሁለተኛው መልእክቱ በሕግ ያልታገለ አክሊል እንደማያገኝ ያስተማረውን እየሰበክን ማኅተማችንን ለሐሰት ብንሰጥ፣ ልጁ የሚማረው ከስብከቱ ሳይሆን ከማኅተሙ ነው።

«ከጸለይህ ታሸንፋለህ» የሚለውንም አባባል እንተወው። በአንድ ውድድር ላይ ሃያ የሚጸልዩ ልጆች ሊሰለፉ ይችላሉ፤ አሥራ ዘጠኙ ጸሎታቸው አልተሰማም ልንል ነውን? መሠረት ደፋር በ5,000 ሜትር በ1996 ዓ.ም. በአቴንስ ወርቅ፣ በ2000 ዓ.ም. በቤይጂንግ በኋላ ወደ ብር ከፍ የተደረገ ነሐስ፣ በ2004 ዓ.ም. በለንደን ዳግመኛ ወርቅ አገኘች። በለንደን መስመሩን ካለፈች በኋላ ከመለያዋ ሥር የእመቤታችንን ሥዕል አውጥታ ስታሳይ ሁላችን አይተናል፤ እኔም ዕንባ ተናንቆኝ ነበር። ነገር ግን ልብ በሉ፤ ሥዕሏን በደረቷ የያዘችው ሩጫው ሳይጀመር፣ ማን እንደሚቀድም ሳይታወቅ ነው። ለልጆቻችን ልንነግራቸው የሚገባው ያንን ሰዓት ነው።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ብዙ ወጪ የለውም። ዐቢይ ጾም ከመግባቱ ሁለት ሳምንት አስቀድሞ በአጥቢያችሁ ያሉትን አሠልጣኞች፣ የሌላ እምነት ተከታይ ቢሆኑም፣ በሰበካ ጽሕፈት ቤቱ ቡና ጋብዟቸው። የንስሐ አባቶች፣ የሰንበት ትምህርት ቤቱ ኃላፊና ከእናቶች አንዲት ይገኙ፤ ለሴቶች ልጆች ማን ከሜዳ ወደ ቤት እንደሚሸኛቸው የሚጠይቁት እናቶች ናቸውና። የልምምዱንና የቅዳሴውን ሰዓት ጎን ለጎን ጽፋችሁ በሁለቱም ቦታ ለጥፉት።

ያን ልጅ ባለፈው ዓመት ቤቱ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁት። ዝም ብሎ ሰማኝና የቅዳሜ ልምምድ ስንት ሰዓት እንደሚያልቅ ነገረኝ። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ በዚያ ሰዓት ሜዳው ዳር እቆማለሁ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።