ጀርባ መሬት ከነካ በኋላ



«የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል» እንላለን። በባህላዊ ትግላችን ግን ለወደቀው ምሳሩ አይደርስም፤ ጀርባው መሬት ከነካ ግጥሚያው አለቀ፣ አቧራውን አራግፎ ይነሳል። በብራዚል ጂዩ ጂትሱ ግን ዋናው ነገር የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው።

ስፖርቱ የጁዶ ልጅ ነው። ጂጎሮ ካኖ እ.ኤ.አ. በ1882 የጁዶ ትምህርት ቤቱን ኮዶካንን አቋቋመ፤ ከዚያ የወጣው ሚትሱዮ ማኤዳ በ1914 ብራዚል ገባ፤ እዚያ ያለው የግሬሲ ቤተሰብም የመሬቱን ትግል አሳደገው። በጁዶ ተጋጣሚውን በጀርባው አስተኝቶ 20 ሰከንድ የያዘ ያሸንፋል። በብራዚሉ ግን መጫን ነጥብ እንጂ ድል አይደለም፤ ደረት ላይ መቀመጥ 4፣ ከጀርባ መጠምጠምም 4 ነጥብ ነው። ያመለጠውስ? ለማምለጡ ብቻ ምንም አይሰጠውም። ይህ ሕግ ለእኔ አይዋጥልኝም፤ ከዚያ ሥር መውጣት ከመጫኑ ይከብዳልና።

የእኛ ልጅ የሚጠመደው እዚህ ላይ ነው። ትግል ለምዶ ያደገ፣ ጀርባው መሬት እንዳይነካ ሲል ሳያስበው በሆዱ ይገለበጣል። በጂዩ ጂትሱ ይህ ጀርባን አሳልፎ መስጠት ነው፤ ቀጥሎ የሚመጣው አንገት ላይ የሚጠመጠም ክንድ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚሰበረው ይህ ልማድ ነው፤ ወደ ተጋጣሚው ዞሮ በጎን መተኛትን ይማር።

ከጎን የተጫኑት ጀማሪ እጁን ዘርግቶ ወደ ላይ ይገፋል። የተዘረጋ እጅ ደግሞ ለክንድ ቁልፍ ሲሳይ ነው። ክርናችሁን ከጎድናችሁ አታርቁ፤ አንዱን ክንድ በተጋጣሚያችሁ አንገት ሥር፣ ሌላውን ዳሌው ላይ ደግኑ፤ ክብደቱን ጡንቻ ሳይሆን አጥንት ይሸከመው። ከዚያ እሱን ለማንሳት አትድከሙ፤ መሬቱን በእግራችሁ ገፍታችሁ የራሳችሁን ዳሌ አሽሹ። በተገኘችው ክፍተት ጉልበታችሁን አስገቡ።

ደረታችሁ ላይ ከተቀመጠ አንድ እጁን ደረታችሁ ላይ ያዙ፤ በዚያው በኩል ያለውን እግሩን በእግራችሁ እሰሩ፤ ዳሌያችሁን ወደ ላይ አንስታችሁ ወደታሰረው ጎን በትከሻችሁ ላይ ተገልበጡ። ባጃጅ በአንድ በኩል ጎማው ሲወልቅ ወዴት እንደሚያዘነብል የእኛ የሶዶ ከተማ ሰው አይነገረውም።

አሰልጣኞች ሆይ፣ ልምምዱን ሁልጊዜ ከቁም አታስጀምሩ። አንዱ ከታች ተጭኖ ይጀምር፤ የላዩ በግማሽ ኃይሉ ይያዝ፣ የታችኛው ትንፋሹን ሳይቋጥር ይውጣ። በእጁ መታ መታ ካደረገ ወዲያው ይለቀቅ፤ በዚህ ላይ ክርክር የለም።